ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ፦ ጉንጬን ያስሞላሁበት ዓመት

በታላቋ ልጄ የሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ሁሉም ሰው ወደ ካሜራው ሲመለከት እኔ ብቻ አጥሩን እመለከታለሁ። ሙሽራው በግራዬ ቆሟል፤ እኔ ፊቴን ወደ ቀኝ አዙሬአለሁ። ፎቶግራፉ ጎልቶ ታትሞ አርብ ገበያ ከተማ በሚገኘው በአማቾቼ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዓመት ሳይሞላውም «የሙሽራዋ እናት ልጁን አልወደደችውም» የሚል ወሬ እኔ እስከምኖርበት እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ መጣልኝ። ልጁን እወደው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ። የሸሸሁት ካሜራውን ነው። ያሸሸኝም በቀኝ ጉንጬ ላይ ያለው ጉድጓድ ነው።

ጉድጓዱ ከእኔ ጋር አልተወለደም። በተወለድሁበት በስማዳ ልጃገረዶች ከመዳራቸው በፊት ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ድድ ሲጠቁር ጥርስ ነጭቶ ይታያል። አንድ ቀን የሰፈራችንን ልጃገረዶች ሰብስበው አንዲት ነቃሽ ዘንድ ወሰዱን። ስድስት ነበርን፤ እኔ የመጨረሻዋ ነበርሁ። የታሰሩት መርፌዎች በአምስቱ አፍ ገብተው ከወጡ በኋላ በጥላሸት ተነክረው ወደ እኔ መጡ። «ይህ መርፌ ከየት መጣ? ታጠበ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፤ ጉንጬ አበጠ፤ መግሉ ወደ ውጭ ፈነዳ። ክረምቱ ሲወጣ ቁስሉ ደረቀና አንድ የባቄላ ፍሬ የምታስቀምጥ ጉድጓድ ትቶልኝ ሄደ።

በሰባዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በላይ ጋይንት ወረዳ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርሁ። በኋላም ወደ እስቴ ተዛውሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሠርቼ ተመለስሁ፤ በመጨረሻም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ባገለገልሁበት ጊዜ አንድ ደንብ ነበረኝ፦ ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ የሌለው ወረቀት በእኔ ጠረጴዛ አያልፍም። አንድ ጊዜ የአለቃዬን የራሱን ደብዳቤ ቀን ስለጎደለው መልሼለታለሁ። እሱም ደብዳቤውን ይዞ ቆመና፣ «እርስዎ እኮ ዝናቡንም ቁጥር ካልተሰጠው አያስገቡትም!» አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ፤ ቀኑን ግን ጻፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠረጴዛዬ ባለጉዳይ ከግራዬ በኩል እንዲገባ ሆኖ የተቀመጠ እንደነበር ያስተዋለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ በሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ አዲስ አበባ የምትሠራው ታናሿ ልጄ ታጨች፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ስለ ድንኳንና ስለ ድግስ በስልክ ስንነጋገር ቆይተን ወደ ሌላ ነገር ዞረች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ።»

«ፎቶ ስንነሳ… ወደ እኛ ታያለሽ?»

የእኅቷን ታሪክ ታውቃለች። እኅቷ በአማቶቿ ቤት ስለዚያ ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ ቃል እንደተወረወረባት ከእኔ ይልቅ እሷ ትሰማለች። «አያለሁ» አልኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንደማልችል አወቅሁ። አርባ ዓመት ያለፈው ልማድ ነው፤ ካሜራ ሲነሳ አንገቴ እኔን ሳያማክር ይዞራል። ስለዚህ ልጄ ሳትዳር ይህን ጉድጓድ ማስሞላት አለብኝ ብዬ ቆረጥሁ።

ነገሩን መጀመሪያ የነገርሁት ለጎረቤቴ ነው። እንደ እኔ ጡረተኛ ናት፤ መምህርት ነበረች፤ ምላሷ ግን ጡረታ አልወጣም።

«ጉንጭሽን ልትነፊ ነው እንደ ኳስ?»

«ልሞላ ነው እንጂ ልነፋ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እዚሁ አለች አይደለም እንዴ የምትሞላው!»

እውነትም በከተማችን በምትገኝ አንዲት ፀጉር ቤት ከሌላ ቦታ እየመጣች ጉንጭና ከንፈር በመርፌ የምትሞላ ሴት እንዳለች ይወራ ነበር። በማግስቱ አብረን ሄድን። ሴትዮዋ ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ከጎኗ ፀጉሯን ጠቅልላ ተራዋን የምትጠብቅ ሙሽራ ተቀምጣለች።

«ይቀመጡ እናቴ፣ አምስት ደቂቃ ነው» አለችኝ።

«ምንድን ነው የምትወጊኝ?»

«ፊለር።»

«ፊለር የሁሉም የወል ስሙ ነው። የዚህኛው የራሱ ስም ማን ይባላል?»

ከእጅ ቦርሳዋ አንድ ብልቃጥ አወጣች። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ግማሹ ተቀድቷል፤ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

«የሚያበቃበት ቀን የታለ?»

«እትዬ፣ ይኼ አያበቃም! ዕድሜ ልክዎን ነው!»

«ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር?»

«የተመረተበት። እሺ፣ ፊርማውስ? የሙያ ፈቃድሽን አሳዪኝ።»

«ይኼ እኮ ውበት ነው፤ ሕክምና አይደለም። ማን ነው የሚፈርመው?»

«ዓይኔ ቢጠፋ የሚጠየቀው ሰው ነዋ። ጉንጬ ከዓይኔ አራት ጣት አይርቅም።»

ሙሽራዋ፣ «ዓይንም ይጠፋል እንዴ?» ብላ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«አያስፈራሯት እንጂ!» አለችኝ ባለ ጋዋኗ።

«እኔ አላውቅም፤ የጠየቅሁሽም ስለማላውቅ ነው። አንቺም የምታውቂ አልመሰለኝም።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። በሩን ሳልዘጋ ከኋላዬ የወንበር ድምፅ ሰማሁ፤ ሙሽራዋም ተነሥታለች። ጎረቤቴ መንገዱን እስክንጨርስ አጉረመረመች። «እኔ እኮ የመጣሁት ስትነፊ ለማየት ነበር። ጭራሽ የሰው ሙሽራ ይዘሽ ወጣሽ!»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብዕር አነሣሁ። በልጅነቴ ያልተጠየቁትን ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ባንድ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍሁ፤ አሥራ አራት ሆኑ። በመስከረም ልጄ አዲስ አበባ አንዲት የቆዳ ሐኪም አፈላልጋ አገኘችልኝ፤ ወረቀቱን ይዤ ተሳፈርሁ።

ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«እናቴ፣ ሊቀጥሩኝ ነው እንዴ?»

«ካለፉ፣ ዶክተር።»

ሳቀችና የሙያ ፈቃዷን ከግድግዳ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። ፎቶግራፏን ከፊቷ ጋር፣ ቀኑን ከዕለቱ ጋር አመሳከርሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቼን ሳትዘል መለሰችልኝ። የምትጠቀምበት ነገር በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ ከሚገኝ፣ ውሃ ከሚይዝ ነገር ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጄል ነው፤ ሰውነት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ገደማ ይቆያል፤ በአንዳንዱ ሰው ያጥራል፣ በአንዳንዱም ይረዝማል። «ዕድሜ ልክ» የሚባለው ዓይነት ሲበላሽ ለማውጣት እጅግ እንደሚያስቸግር፣ የእሷ ግን ካልሆነ የሚያሟሟ መድኃኒት እንዳለው ነገረችኝ። ዋናው አደጋ ጄሉ በስሕተት የደም ሥር ውስጥ መግባቱ ነው። የደም ሥሩ ከተዘጋ ቆዳው ይሞታል፤ ከባሰም ዓይን ይጠፋል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ሰዓት አይሰጥም። ስለዚህ ወጊው የፊትን የደም ሥሮች ጠንቅቆ ያወቀ ሐኪም መሆን አለበት፤ የሚያሟሟው መድኃኒትም እዚያው ክፍል ውስጥ መገኘት አለበት።

«ዓይኔ ሊጠፋ እንደሚችል ይነግሩኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር» አልኋት።

«ያልነገረዎት ሰው እንዳይነካዎት።»

ከዚያም ተራው የእሷ ሆነ። ምን መድኃኒት እወስዳለሁ? አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን ነገር አለ ወይ? የማይስማማኝ መድኃኒት፣ ማደንዘዣም ጭምር፣ አለ ወይ? ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል ወይ? በመጨረሻ አፌን አስከፍታ በመብራት አየችው። በቀኝ በኩል የበሰበሰ የመንጋጋ ጥርስ አገኘች።

«ይህ ሳይታከም መርፌ አላነሣም። የጥርስ ቁስል ባለበት ፊት ላይ ፊለር አይጨመርም፤ ቁስሉ ሊመርዘው ይችላል። አስነቅለው፣ ድድዎ በደንብ ሲድን ይመለሱ።»

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች፤ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን መመለሴ አሳዘናት። እኔ ግን ሐኪሟን የወደድኋት በዚያች ደቂቃ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያልተሟላ ማመልከቻ ስመልስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የሚመልስ ሰው ምን ያህል እንደሚከብደውና ስለ ምን እንደሚመልስ አውቃለሁ።

ከመለያየታችን በፊት ስለ ጊዜው ተነጋገርን። ከሠርጉ ቢያንስ አንድ ወር መቅደም አለበት፤ ማበጥና መበለዝ ያለ ነው፤ ማስተካከያ ካስፈለገም ጊዜ ይኖራል። ከተወጋሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጉንጬን አላሽም፣ አልጫንም፣ በፊቴ አልተኛም፣ እሳት ላይ አልቆይም።

«ስግደትስ ይሰግዳሉ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ በወረቀቴ ላይ ቦታ አልነበረኝም። አሥራ አምስተኛ አድርጌ ጻፍሁት።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ፊቴን ላሳክም ነው፤ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«እግርሽ ቢሰበር ወጌሻ ትጠሪ አልነበር?» አሉኝ።

«ግን ሁለት ሳምንት መስገድ ተከልክያለሁ።»

«ቆመሽ ጸልዪ። የቀረሽውን ስግደት በኋላ ታሟያለሽ።»

«ስንት ይሆናል አባቴ?»

«አንቺ አይደለሽ ቁጥር የምትወጂው? እየቆጠርሽ ጻፊው እንጂ!» ብለው ስቀው ባረኩኝ።

በጥቅምት መጨረሻ ተመለስሁ። ጥርሱ ተነቅሏል፤ ድዱ ድኗል። ሐኪሟ የታሸገውን ካርቶን በእጄ ሰጠችኝ። ማሸጊያው አልተነካም። የሚያበቃበትን ቀን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ የምርት ቁጥሩን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገለበጥሁ፤ የሚያሟሟውን መድኃኒት አስወጥቼ የእሱንም ቀን አየሁ። ነርሷ ፈገግ አለች፤ ሐኪሟ ግን በትዕግሥት ጠበቀችኝ። በካርቶኑ ውስጥ ከነበሩት ተለጣፊዎች አንዱን በእኔ ፋይል ላይ ለጠፈች፤ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጥታ ከጎኑ ቀኑን ጽፋ ፈረመችበት። ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ከዚያ በኋላ ተጋደምሁ።

ጠባሳው ከሥር ተጣብቆ ስለነበር መጀመሪያ በማደንዘዣ አደንዝዛ በመርፌ ጫፍ አላቀቀችው። ከዚያም ጄሉን ጥቂት በጥቂት እየጨመረች፣ በየመካከሉ እያቆመች፣ የቆዳዬን መልክ እያየች፣ «ያምማል? ዓይንዎ ደኅና ነው?» እያለች ሄደች። ሲያበቃ መስተዋት ሰጠችኝ። ጉንጬ በመጠኑ አብጧል፤ ሁለት ቦታ በልዟል። ጉድጓዱ ግን የለም። በቦታው የቀረችው እንደ ክር የቀጠነች መስመር ናት። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ወዲህ ያላየሁትን ፊት ሳየው ቆየሁ። ያለቀስሁ እንደሆነ ጉንጬን መጥረግ ተከልክያለሁ፤ ስለዚህ አላለቀስሁም።

በሦስተኛው ቀን ንፋስ መውጫ ከአውቶቡስ ስወርድ እኔም ሐኪሟም ያላሰብነው ነገር ጠበቀኝ። በእኛ አገር ከመንገድ የተመለሰ ሰው በአንድ መሳም አይታለፍም፤ ጉንጭ ከጉንጭ እየተጫነ ሦስቴ፣ አራቴ፣ የናፈቀ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስማል። ጎረቤቴን አስቀድሜ አስጠንቅቄአት ስለነበር እጇን ዘርግታ እንደ ፖሊስ ከፊቴ ቆመች። «መሳም ክልክል ነው! በትከሻ! በትከሻ!» ሊቀበሉኝ የወጡት ሴቶች እየሳቁ ትከሻቸውን ከትከሻዬ አጋጩ። ሁሉም በሰላም ሊያልቅ ሲል ከስማዳ ለጉዳይ የመጡት አክስቴ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጆሯቸውም የደከመ፣ ከኋላዬ መጥተው ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀኝ ጉንጬን አራት ጊዜ፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው፣ ጨምቀው ሳሙኝ።

ጉንጬ ነደደ። ቤት ስገባ አብጧል። ደብተሬን አወጣሁና ሰዓቱን ጻፍሁ። ሐኪሟ የነገረችኝን ምልክቶች አንድ ባንድ አየሁ፦ ቆዳው አልነጣም፤ እንደ እብነ በረድ አልተዥጎረጎረም፤ በጣቴ ተጭኜ ስለቀው መልኩ ወዲያው ይመለሳል። ቢሆንም ለአንዲት ፎቶግራፍ ብዬ ዓይኔን አስይዤ እንደሆነስ? ሐኪሟ ጋ ደወልሁ፤ ጎረቤቴም በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችላት።

«ሕመሙ እየባሰ ነው ወይስ እየቀነሰ?»

«እየቀነሰ ነው።»

«በቀኝ ዓይንዎ ብቻ ሲያዩ ምን ይታይዎታል?»

ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንሁ። «ግድግዳ ላይ ያለው ካሌንደር። በዓላቱን ላንብብልዎ?»

«አያስፈልግም» ብላ ሳቀች። «መጫኑ ያመጣው እብጠት ነው። አያሹት። ሕመሙ ከጨመረ፣ መልኩ ከተለወጠ ወይም ዓይንዎ ከደከመ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይጠብቁ ይደውሉልኝ፤ ሆስፒታልም ይሂዱ።»

በየሰዓቱ እያየሁ ጻፍሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ እብጠቱ መጉደል ጀመረ፤ በማግስቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አክስቴ ደብተሬን እያዩ፣ «ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?» አሉ።

«ስመውኝ ነው፣ አክስቴ።»

«ታዲያ መሳም ከመቼ ወዲህ ነው የሚጻፈው? በይ ትከሻሽን አምጪ!»

ሁለቱ ሳምንታት በትከሻ አለፉ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ ገባችና አንድም ሳታጎድል የተጠራቀመውን መሳም ሁሉ አወራረደችብኝ። እኔም በደብተሬ የቆጠርሁትን ስግደት አሟላሁ።

ጥር ደረሰ። ታናሿ ልጄ ተዳረች። ታላቋ ልጄም ከባሏና ከአማቶቿ ጋር ከአርብ ገበያ መጥታለች። ፎቶ አንሺው በድንኳኑ ፊት ሰልፍ አስይዞን፣ «እናት፣ ወደዚህ ይዩልኝ!» አለ። አንገቴ እንደ ልማዱ ሊዞር ሲል ተሰማኝ፤ ያዝሁት። ነጠላዬን ከጉንጬ ላይ አወረድሁ። በቀኜ ልጄ፣ በግራዬ አዲሱ አማቼ፤ ካሜራውን ፊት ለፊት አየሁት። ልጄ እጄን ጨበጠችኝ።

ከሰልፉ ስንወጣ የታላቋ ልጄ ባል እናት መጡና እጄን ያዙ።

«ዛሬስ አየሽን!»

«ያን ጊዜም ልጅዎን ጠልቼ አይደለም» አልኋቸው። አሥር ዓመት ያህል አፌ ላይ የቆየ ቃል ነው፤ መናገሩ እንዴት ያለ ቀላል ነገር እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። «ጉንጬን ነበር የምደብቀው።»

«ጉንጭሽን? ያቺን ጉድጓድ? እሷንማ ገና ለሽምግልና የመጣን ዕለት አይተናታል! እኛን ያስከፋን ፊትሽን ማዞርሽ ነው።» አዩኝና መሳቅ ጀመሩ። «ወይ ጉድ! አሥር ዓመት ሙሉ በባቄላ ነው የተኳረፍነው?»

ጉድጓዱን በባቄላ መመሰሌን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ጎረቤቴን እጠረጥራለሁ። ፎቶ አንሺውን መልሰው ጠሩት። ታላቁን አማቼን ከግራዬ አቁመው፣ ልጄን ከጎኑ፣ ራሳቸውም ከኋላ ሆነው እንደገና ተነሣን። የድሮውን ፎቶግራፍ ከግድግዳቸው አውርደው ይህን ሰቀሉት። አርብ ገበያ የሄደ ሰው ሁሉ አይቶት ይመለሳል፤ ወሬውም እንደ በፊቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ይመጣልኛል፤ አሁን ግን ደስ ብሎኝ እሰማዋለሁ።

ጄሉ ሐኪሟ እንዳለችው ዓመት ገደማ ቆይቶ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ተመልሼ መጨመር አለመጨመሬን የምወስነው እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ አንገቴ የሚዞርበት ዘመን ግን አብቅቷል። ለጡረታ ደብተሬ ፎቶግራፍ ያነሣኝ ሰው፣ «ትንሽ ዞር ይበሉ» ሲለኝ እንኳ እንቢ ብዬዋለሁ። አሁን በከተማችን ፊቷን ልታስነካ የምታስብ ሴት ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ትመጣለች። አሥራ አምስቱን ጥያቄዎች በንጹሕ ገልብጬ እሰጣለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያከልኋትና ያጎላኋት ግን ከሐኪሟ የተማርኋት ናት፦ «ካልሆነ የሚያሟሟው መድኃኒት በዚህ ክፍል ውስጥ አለ ወይ?»

የሠርጉ ፎቶግራፍ በእኔም ቤት ተሰቅሏል። ከጀርባው ያችን ተለጣፊ ለጥፌአለሁ፤ የምርት ቁጥሩ፣ የተወጋሁበት ቀንና የሐኪሟ ፊርማ በግልጽ ይነበባሉ። በእጄ ካለፉት መዛግብት ሁሉ ምንም ያልጎደለው እሱ ይመስለኛል።